ቊጥር በፊደልና በቀለም ሲናገር

ቊጥር ብቻውን ዲዳ ነው፤ የሚያናግረው የጸሐፊው እጅ ነው። ለዚህም ምስክር የሚሆነን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ጥቊር አሜሪካውያን ተማሪዎች ያቀረቡት ሥራ ነው።

በአሜሪካ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1865 ነበር። ከዚያ ወዲህ 35 ዓመት ቢያልፍም፥ ጥቊር ሕዝብ መማርና መሻሻል አይችልም የሚሉ ሰዎች ብዙ ነበሩ። የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዶክቶር ዱቦይስ ይህን አሉባልታ በማስረጃ ለማፍረስ አሰቡ። ስለ ሕዝቡ ብዛት፥ ስለ መሬቱ፥ ስለ ሥራውና ስለ ትምህርቱ የተሰበሰበውን ቊጥር ይዘው፥ ከተማሪዎቻቸው ጋር ወደ 60 የሚሆኑ የቊጥር መግለጫ ሥዕሎች አዘጋጁ።

ሥዕሎቹ ሁሉ በቀለምና በብሩሽ በእጅ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን የብዙ ሰው እጅ የገባባቸው ቢሆኑም፥ ርእሶቹ ጌጥ በሌለው፥ ቀጥ ባለ ትልቅ የላቲን ፊደል ስለ ተጻፉ፥ ቀዩ፥ አረንጓዴው፥ ሰማያዊው፥ ቢጫውና ጥቊሩ ቀለምም ከገጽ ወደ ገጽ ስለሚመላለስ፥ ሁሉም የአንድ መጽሐፍ ቅጠሎች ይመስላሉ።

ቀለሙም ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም። ከ1790 እስከ 1870 የነበረውን በሚያሳየው ሥዕል ላይ ባሮቹን የሚያመለክተው ጥቊር ቀለም ገጹን ሞልቶታል፤ ነፃዎቹን የሚያመለክተው አረንጓዴ ከላይ እንደ ቀጭን ጥብጣብ ይታያል። በመጨረሻው ላይ ግን አረንጓዴው ቊልቊል ወርዶ ሁሉን ይሸፍናል። ይህን ለማስተዋል ረጅም ንባብ አያስፈልግም።

በሌላው ገጽ ላይ ደግሞ በ1890 በጆርጂያ ገጠር የሚኖሩት 734,952 ጥቊሮች በቀይ መሥመር ተመልክተዋል። መሥመሩ ከወረቀቱ ስለ ረዘመ፥ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ጠምዝዘው ሣሉት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በአንደኛው ገጽ ላይ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈው ቃል ነው፤ ይኸውም ሥራውን ጥቊር ተማሪዎች እንደ ሠሩት ይገልጻል። እንግዲህ የፊደሉ ጥራትና የመሥመሩ ቅንነት ራሱ ለአሉባልታው መልስ ሆነ። ዶክቶር ዱቦይስም ስለዚህ ድካማቸው የወርቅ ሜዳይ ተሸለሙ።

ሥዕሎቹ ዛሬ በዋሽንግተን በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በኮምፒዩተር የቊጥር ሥዕል የሚሠሩ ሰዎችም የፊደሉን መልክና የቀለሙን ምርጫ እየተከተሉ ይማሩበታል።

ስለዚህ፥ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፥ ቊጥር ስናቀርብ አስቀድመን እውነተኛነቱን እንመርምር፤ ሐሰተኛ ቊጥር ፊደሉ ቢያምርም ሐሰት ነውና። እውነተኛውን ካገኘን በኋላ ግን በተበላሸ ጽሕፈት አንቅበረው።