የቀርከሃ አጥራችን ታሪክና የሚጠብቀን ውሳኔ

ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባችን የማህበራችንን ግቢ ከጀርባ የሚያጥረው ቀርከሃ ተነቅሎ በቆርቆሮ ይተካ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡ ያለ ምክንያት አልመጣም። የቀርከሃው ሥር ድንበር ተሻግሮ በጎረቤታችን የድንች መደብ ውስጥ በቅሏል። እኚህ እናት ሁለት ጊዜ በትዕግሥት ነግረውን እኛ ዝም ብለናል። እጅ አውጥተን ከመወሰናችን በፊት ግን ይህ አጥር ከየት እንደመጣና እንዴት እስከ ዛሬ እንደቆየ ማወቅ ይጠቅመናል ብለን፣ እኛ የሒሳብ ኮሚቴ አባላት ይህችን ጽሑፍ አቅርበናል።

በአገራችን ሁለት ዓይነት ነባር ቀርከሃ አለ። አንዱ በቆላ፣ በተለይም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በስፋት የሚበቅለውና ሽመል የምንለው ነው፤ ውስጡ ድፍን ነው። ሁለተኛው ከ2,200 ሜትር ከፍታ በላይ የሚበቅለው የደጋ ቀርከሃ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። እኛ በአዊ የምናውቀው ይህንን ነው። በጋሞ ዶርዜዎች ቤታቸውን የሚሠሩበት፣ በሲዳማ ደጋም ቤትና አጥር የሚሆነው ይኸው የደጋው ነው።

የደጋ ቀርከሃ መጀመሪያ የጫካ ተክል ነበር። ጫካው ለእርሻና ለግጦሽ እየተመነጠረ ሲሄድ፣ ሰው ከጫካ ያገኝ የነበረውን ወደ ጓሮው አመጣው። ቀርከሃ የሚያብበው ከብዙ ዓመታት አንዴ ነው፤ ካበበ በኋላም ይደርቃል። ዘሩ እንደልብ ስለማይገኝ አባቶቻችንና እናቶቻችን ከነሥሩ ገንጥለው ይተክሉት ነበር፤ እኛም የምንተክለው እንዲሁ ነው። ስለዚህ የአንዱ ቤት አጥር ብዙ ጊዜ መነሻው የጎረቤት ወይም የዘመድ ጓሮ ነው። ከዚያው አጥር የቤት ማገር፣ ቅርጫት፣ የንብ ቀፎና ወንበር ወጥቷል። ዛሬም በእንጅባራ መንገድ ዳር የሚሸጠው የቀርከሃ ወንበር የዚሁ ቅጥያ ነው።

አጥር ከመሬት መብት ጋር የተያያዘ ነገር ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን እንደገና የመሬት ድልድል ተደረገ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የይዞታ ምዝገባ ተጀመረ፤ ባልና ሚስት በአንድ ደብተር ላይ በጋራ ተመዘገቡ። በደብተሩ ላይ የአዋሳኞች ስም በአራቱም አቅጣጫ ይሠፍራል። ብዙ ሴቶች ስማቸው በመሬት ወረቀት ላይ ሠፍሮ ያዩት ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ወረቀት አዋሳኙ ማን እንደሆነ ቢናገርም፣ በየቀኑ ድንበሩን የሚያሳየው ድንጋዩ፣ ቦዩና አጥሩ ነው። ቀርከሃ ደግሞ የሚሄድ ምልክት ነው። ካልተጠበቀ በየክረምቱ ይራመዳል። የጎረቤታችንን መደብ ስናስነካ የነካነው ድንቹን ብቻ አይደለም፤ እኛ ራሳችን የምንመካበትን የድንበር መብት ነው።

በዞናችን የሆነ ሌላ ነገርም ያስተምረናል። በፋግታ ለኮማ ብዙ ገበሬ ማሳውን ወደ ደከረንስ ለውጦ ከሰል ሲሸጥ ቆይቷል። ገቢው ብዙ ቤት ቀይሯል፤ ይህን አንክድም። ደከረንስ ግን ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ እንደገና ከችግኝ ይጀመራል። በቅርብ ዓመታት በሽታ ሲገባበት ገንዘባቸውን ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ ያዋሉ ሰዎች ተጎዱ። ቀርከሃ ግን በአንድ ጊዜ አይታጨድም። በየክረምቱ አዲስ ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያው በጥቂት ወራት ሙሉ ቁመቱን ይይዛል፤ ለሥራ የሚጠነክረው ግን ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው።

በሒሳብ ስናስቀምጠው እንዲህ ነው። ለምሳሌ በአጥራችን 240 ዘንግ ቢኖርና ከእነዚህ 60ው የዘንድሮ፣ 60ው የአምና፣ 60ው የካቻምና፣ 60ው ደግሞ ከዚያ በፊት የወጡ ቢሆኑ፣ መቁረጥ የሚገባን የመጨረሻዎቹን 60 ብቻ ነው። ለከርሞው ሌላ 60 ይደርሳል። ወጣቱን የቆረጠ ዋናውን ገንዘብ በላ ማለት ነው። ሁሉንም የነቀለ ደግሞ ቁጠባውን አውጥቶ ደብተሩን ዘጋ። ቆርቆሮ በበኩሉ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየቀነሰ የሚሄድ ንብረት ነው።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት አጥሩ ይቆይ፣ ግን በሥርዓት ይያዝ የሚል ነው። አንደኛ፣ ዝናቡ ሳይገባ በጎረቤታችን በኩል ክንድ የሚያህል ጥልቀት ያለው ቦይ እንቆፍር፤ የተሻገረውን ሥር ቆርጠን እናውጣ፤ ቦዩንም በየዓመቱ እንፈትሽ። ሁለተኛ፣ በድንች መደቡ ውስጥ የበቀለውን ነቅለን፣ አፈሩን አስተካክለን፣ ለደረሰው ጉዳት ከማህበሩ ካዝና እንካስ፤ ይቅርታም በአካል ሄደን እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ የነቀልነውን ሥር አንጣለው፤ በግንቦትና በሰኔ አጥራችን በሳሳበት እንትከለው፤ ለሚፈልጉ አባላትም እናካፍል። አራተኛ፣ ቡቃያ በሚወጣበት ክረምት ከብት አናስጠጋ፤ ዘንግም አንቁረጥ። አምስተኛ፣ ስንት ዘንግ እንደተቆረጠ፣ ለማን እንደተሸጠና ስንት እንደገባ በገቢ ደብተራችን ይመዝገብ። እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አልመዘገብንም፤ ይህ የእኛው የኮሚቴው ጥፋት ነው።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይባላል። አምና ቦይ ብንቆፍር ኖሮ ዛሬ ስለ ቆርቆሮ ባልተነጋገርን ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት እያንዳንዳችን ከግቢው ጀርባ ዞረን አጥሩን እንመልከት፤ ከዚያም ድንበሩን ተሻግረን ከእኚያ እናት ጎን ቆመን በእሳቸው በኩል ደግሞ እንየው።