ሚኒስትሩና ዳኛዋ

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ነገሩ የ1993 ዓ.ም. ነው፣ ብዙዎቻችን የደረስንበት። አቶ ስዬ አብርሃ በትግሉ ዘመን ጦር የመሩ፣ ደርግ ሲወድቅ የመከላከያ ሚኒስትር የሆኑ የሕወሓት ሰው ነበሩ፤ ከዚያም የኤርትራ ጦርነት አለቀና ድርጅቱ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ እሳቸውም ከተሸናፊው ወገን ሆኑና በሙስና ተከሰው ታሰሩ።

ጉዳያቸው የቀረበው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ዘንድ ነበር። ዳኛዋ መዝገቡን መረመሩና በዋስ ይውጡ ብለው አዘዙ፤ አቶ ስዬም ከችሎት ወጡ፣ ከዚያም የፍርድ ቤቱን ግቢ እንኳ ሳይለቁ ፖሊሶች ከበው መልሰው ያዟቸው፣ ከዚያም በሙስና የተጠረጠረን ሰው ዋስትና የሚከለክል ሕግ በጥድፊያ ወጣ። ያ ሁሉ ሠራዊት ሲታዘዝላቸው የኖረ ሰው፣ የዚያን ዕለት ከአንዲት ወጣት ዳኛ ብዕር በቀር የቆመላቸው አልነበረም።

ስድስት ዓመት ታሰሩ። ዳኛዋም ችሎቱን ለቀው ወደ ፖለቲካ ገቡ፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ እሳቸውም ወህኒ ወረዱ፣ ዕድሜ ልክም ተፈረደባቸው፣ ሁለቱም በ1999 ተፈቱ፣ ዳኛዋ በይቅርታ፤ ከዚያም ወይዘሪት ብርቱካን የአንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ ሊቀመንበር ሆኑ፣ በታኅሣሥ 2001 ደግሞ ይቅርታው ተሽሮ ዕድሜ ልክ እስራቱ ተመለሰባቸው። ይህን ጊዜ ነው አቶ ስዬ፣ ሊቀመንበሯ እስር ቤት ሳሉ፣ ፓርቲያቸውን የተቀላቀሉት። በ2002ቱ ምርጫም ወደ ተምቤን ወረዱ፣ የቆላው ፀሐይ አናት በሚበሳበት ወራት፣ በታገሉበት አገር የታገሉለትን ድርጅት ሊገዳደሩ፤ ተሸነፉም።

አንዳንዱ ከዳ አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ወንበሩ ላይ ሳሉ ዳኛ ነጻ ይሁን ብለው ነበር ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው የሚገባ ነው፣ እሳቸውን ብቻ የሚመለከትም አይደለም። ፓርቲ መቀየር የአንድ ቀን ፊርማ ነው፤ የፍትሕን ነገር መማር ግን ለብዙ ባለሥልጣን የሚጀምረው ከሳሽ በር ሲያንኳኳ ነው። ወይዘሪት ብርቱካንም ከእስር ወጥተው ተሰደዱ፣ ከስደትም ተመልሰው በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑና፣ ገዢውም ተቃዋሚውም አቤቱታውን ይዞ እሳቸው ፊት ቀረበ።

እንግዲህ ሹም ሁሉ ተከሳሽ ከመሆኑ በፊት ዳኛ የሚያከብር ይሁንልን፤ አሜን በሉ።