የጆርጂያ አቬኑ ካርዶች

በዋሽንግተን ዲሲ ከፍሎሪዳ አቬኑ ተነስቶ ጆርጂያ አቬኑን ወደ ሰሜን የሚወጣ ሰው በስተቀኙ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ያገኛል። ከናይንዝ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። የእኛ ሰው ለመታከምም ለመሥራትም የሚገባበት ቤት ስለሆነ የማያውቀው የለም። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1975 ከመከፈቱ በፊት ግን ቦታው የቤዝቦል ሜዳ ነበር። ግሪፊዝ ስታዲየም ይባል ነበር፤ የፈረሰው በ1965 ነው። መቺው ይቆምበት የነበረው ቦታ ዛሬ በሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት ተደርጎበታል።

እኔ ደሴ ተወልጄ በካርቱም በኩል ዲሲ የገባሁት በ1980ዎቹ ነው። ያኔ ከተማዋ የቤዝቦል ቡድን አልነበራትም። ፓርኪንግ ስሠራ አብረውኝ የሚውሉት ሽማግሌዎች ግን በግሪፊዝ ስታዲየም ይጫወት ስለነበረው ስለ ከተማዋ ቡድን ስለ ሴናተርስ ሲያወሩ ቡድኑ ትናንት ተጫውቶ የሄደ ይመስል ነበር። የሜዳው ግንብ መሐል ላይ ወደ ውስጥ ይታጠፍ እንደነበር የነገሩኝ እነሱ ናቸው። አምስት ቤቶች የነበሯቸው ሰዎች አንሸጥም ስላሉ፣ ግንቡ ቤቶቹንና አንድ ትልቅ ዛፍ ዞሮ እንዲያልፍ ተደረገ። የጎረቤቱን እምቢታ በቅርጹ ተሸክሞ የኖረ ስታዲየም ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ የዚያን ቡድን ካርዶች መልቀም ጀመርኩ፤ አሁንም አላቆምኩም።

ከካርዶቹ ሁሉ የምወዳቸው ከሲጋራ ፓኮ የወጡትን ነው። ከ1909 እስከ 1911 የአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያ በየፓኮው አንድ አንድ የተጫዋች ሥዕል ይከት ነበር። ወረቀቱ ጠንካራ ስለሆነ ሲጋራው እንዳይጨማደድ ይደግፋል፤ ሥዕሉ ደግሞ ገዢውን ያስመልሳል። ቁመቱ ሰባት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ፊቱ ላይ በደማቅ ቀለም የታተመ ተጫዋች፣ ከሥሩ የአባት ስሙና ከተማው፣ ጀርባው ላይ የትምባሆው ማስታወቂያ፦ ፒድሞንት፣ ስዊት ካፖራል፣ ፖላር ቤር። ሰብሳቢዎች ይህን ስብስብ ቲ206 ይሉታል። ስያሜውን ያወጣው ጄፈርሰን በርዲክ ነው። ይህ ሰው እጆቹ በአርትራይተስ ተቆራምደው ሳለ ከ300,000 በላይ ካርዶችንና የታተሙ ወረቀቶችን ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጥቶ፣ እዚያው ተቀምጦ ለዓመታት በአልበም ላይ ሲለጥፍ ኖረ፤ ሥራውን በጨረሰ በሁለት ወር ገደማ በ1963 ዐረፈ። የዛሬው ሰብሳቢ የሚጠቀምበት ሥርዓት የእሱ ነው።

ልጆች አያጨሱም። ስለዚህ ትምባሆ ቤት ደጃፍ ቆመው የሚወጣውን ሰው ካርዱን ይለምኑ ነበር፤ እኛ ደሴ ቡና ቤት ደጃፍ ቆርኪ እንደምንጠብቀው ማለት ነው። እኔ ዘንድ ያለው የጋቢ ስትሪት ካርድ ማዕዘኑ ክብ እስኪሆን የተበላው በእንዲህ ዓይነት ልጅ ኪስ ውስጥ ይመስለኛል። ስትሪት የሴናተርስ ቀላቢ ነበር። በነሐሴ 1908 ከዋሽንግተን ሐውልት አናት ላይ የተለቀቀለትን ኳስ ታች ቆሞ ቀልቧል። ሐውልቱ ቁመቱ 169 ሜትር ነው። ኳሶቹ አንድ በአንድ እያመለጡት፣ በአሥራ ሦስተኛው ያዘ።

ስትሪት ከሁሉ በላይ የሚቀልበው የዋልተር ጆንሰንን ውርወራ ነበር። ጆንሰን በ1907 ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ መጥቶ እስከ 1927 ለዋሽንግተን ብቻ ወረወረ። 417 ጨዋታ አሸነፈ፤ ከእነዚህ 110 ያህሉ ተጋጣሚው አንድም ነጥብ ያላገባባቸው ናቸው፤ ይህን ቁጥር እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም። በቲ206 ሁለት ካርድ አለው። የእኔው እጆቹን ደረቱ ላይ የያዘበት ነው። አንድ ጥጉ ተቆርጧል፤ ጀርባው ላይ የእርሳስ ጭረት አለ። ለዚያ ነው ልገዛው የቻልኩት። ንጹሑና ብርቁ ካርድ የባለጸጋ ነው፤ የፒትስበርጉ ተጫዋች የሆኑስ ዋግነር ካርድ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ተራ ተጫዋች ያለበት የተጎዳ ካርድ ግን የሠራተኛ ሰው ኪስ ይችለዋል፤ እኔ የማምነውም ብዙ እጅ ያለፈበትን ነው።

ጆንሰን የዓለም ሻምፒዮናውን ዋንጫ እስኪያገኝ አሥራ ሰባት ዓመት ጠበቀ። ጥቅምት 10 ቀን 1924 ከኒው ዮርክ ጃይንትስ ጋር የተካሄደው የፍጻሜ ፍልሚያ ሰባተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ በዚያው በጆርጂያ አቬኑ ተደረገ። በዚያ ፍልሚያ ጆንሰን ቀደም ብሎ ሁለት ጊዜ ተሸንፏል። ሦስት ለሦስት እንደሆኑ በዘጠነኛው ዙር ገብቶ እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ አንድም ነጥብ አልገባበትም። በመጨረሻ ኧርል ማክኒሊ የመታት ኳስ መሬት ላይ ነጥራ ከተከላካዩ ራስ በላይ ዘለለች፤ ጠጠር አግኝታ ነው ይባላል፤ ሴናተርስም አሸነፈ። ሴናተርስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። የዚያ ዘመን ካርዶች ከከረሜላ ጋር የተሸጡ ስስ ወረቀቶች ስለሆኑ ብዙም አልደከምኩባቸውም።

በ1933 ጉዲ የተባለ የቦስተን ማስቲካ ኩባንያ አንድ ማስቲካና አንድ ካርድ በአንድ ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። ሴናተርስ በዚያ ዓመት 99 ጨዋታ አሸንፎ ለፍጻሜ ደርሷል፤ ዋንጫውን ግን ጃይንትስ ወሰደው። ጆ ክሮኒን በሃያ ስድስት ዓመቱ ተጫዋችም አሠልጣኝም ነበር። በዚያ ስብስብ 158 ቁጥር ያለው ሞ በርግ ተጠባባቂ ቀላቢ ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ መንግሥት ስለላ ሠርቷል። ለእኔ ግን የ1933ቱ ካርዶች ሌላ ነገር አላቸው። በነዚያ ዓመታት ኢትዮጵያዊው መላኩ በያን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ ነበር። በ1935 ተመርቀው አገራቸው ገቡ፤ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት አገልግለው ወደ አሜሪካ ተመለሱና በ1937 የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን መሠረቱ። የሃዋርድ ግቢና ስታዲየሙ ጎረቤት ነበሩ። የፍጻሜው ጨዋታ ጩኸት በመስኮታቸው ሳይገባ አልቀረም ብዬ አምናለሁ። ክሮኒንን ከአልበሙ ባወጣሁ ቁጥር እሳቸውን አስባለሁ።

ሰፈሩ የጥቁሮች ሰፈር ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ ግን ጥቁር ተመልካች የሚቀመጠው በቀኝ ሜዳ በኩል ባለው ዳስ ነው፤ በሴናተርስ ማልያ የሚጫወት ጥቁር ደግሞ አልነበረም። ከ1940 ጀምሮ ሆምስቴድ ግሬይስ የተባለው የጥቁሮች ቡድን ከፒትስበርግ እየመጣ ሜዳውን ተከራይቶ ይጫወት ነበር። ሜዳውን ሲጫወቱበት የባለቤቱ የክላርክ ግሪፊዝ ኪስ ይሞላል። የግሬይስ ቀላቢ ጆሽ ጊብሰን ነበር፤ የአንደኛው ቤዝ ጠባቂ ደግሞ በክ ሌናርድ። ሌናርድ በኋላ እንደተናገረው፣ ግሪፊዝ አንድ ቀን ሁለቱን ቢሮው ጠርቶ በትልቁ ሊግ መጫወት ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ጠይቋቸዋል። እንፈልጋለን አሉ። ነገሩ በዚያው ቀረ። ጊብሰን ጥር 20 ቀን 1947 በሠላሳ አምስት ዓመቱ ሞተ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በትልቁ ሊግ ለመጫወት ብሩክሊን ውስጥ ሜዳ ገባ።

የሲጋራውም የማስቲካውም ኩባንያ የነጮቹን ሊግ ብቻ ነበር የሚያትመው። ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ የጠፋ ነጭ ልጅ ካርድ ሲኖረው ጊብሰን አንድም የአሜሪካ ካርድ ሳይታተምለት ሞተ። ሰብሳቢዎች የሚያከብሩት ካርዱ ቶሌቴሮስ በሚባል ስብስብ በፖርቶ ሪኮ የወጣው ነው፤ የ1950 እና 51 ክረምት፣ እሱ ካረፈ በኋላ። እኔ የማልደርስበት ዋጋ ነው። በ2024 ሜጀር ሊግ የጥቁሮችን ሊጎች ውጤት ከራሱ መዝገብ ጋር ሲቀላቅል፣ በዕድሜ ልክ የመምታት አማካይ አንደኛ የሆነው ጊብሰን ነው፤ 0.372። እንግዲህ በዚህ ሜዳ ላይ ከቆሙት መቺዎች ሁሉ የሚበልጠው ሰው በዘመኑ ወረቀት አልተሰጠውም። የካርድ ስብስብ የቡድን ታሪክ ነው ሲሉኝ የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስብስቡ የሚናገረው በር የተከፈተለት ማን እንደነበር ነው። ስለዚህ በ1940ዎቹ የሴናተርስ ካርዶች መካከል የግሬይስን ጨዋታ የዘገቡ የቆዩ የጋዜጣ ቁራጮች አስገብቻለሁ። ካርድ ብቻ ሰብስብ የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ፤ አልሰማቸውም።

የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ኩባዊው ካርሎስ ፓውላ ነው፤ መስከረም 1954፣ ከሮቢንሰን ሰባት ዓመት ዘግይቶ። የ1955 የቶፕስ ኩባንያ ካርዱ አለኝ፤ ርካሽ ነው፤ በብዙ ብር አልለውጠውም። የቡድኑ ባለቤት ክላርክ ግሪፊዝ በዚያው በ1955 ሞተና ቡድኑ ለካልቪን ግሪፊዝ ተላለፈ፤ ካልቪንም ከ1960 ውድድር በኋላ ወደ ሚኔሶታ ወሰደው። በ1978 በአንድ ስብሰባ ላይ የሄድነው እዚያ 15,000 ጥቁሮች ብቻ እንዳሉ ስላወቅን ነው ብሎ በአፉ ተናገረ። ያንን ካነበብኩ በኋላ የሚኔሶታን ካርድ ገዝቼ አላውቅም።

ለዋሽንግተን በምትኩ የተሰጣት አዲሱ ሴናተርስም አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ ወደ ቴክሳስ ሄደ። መስከረም 30 ቀን 1971 የመጨረሻው ጨዋታ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው፤ እየመሩ ሳለ በፎርፌ ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ዘመን አንድ አስገራሚ ካርድ አለው። በ1974 የሳን ዲዬጎ ቡድን ዲሲ ሊመጣ ነው ተብሎ ቶፕስ ቸኩሎ አሥራ አምስት ካርዶችን «ዋሽንግተን፣ ናሽናል ሊግ» ብሎ አተመ። የማክዶናልዱ ሬይ ክሮክ ቡድኑን ገዝቶ እዚያው አስቀረው። ዊሊ መኮቪ አንድ ቀን እንኳ ባልተጫወተበት ቡድን ስም ቆሞ ይታያል። አሥራ አምስቱም አሉኝ።

ቤዝቦል በ2005 ተመለሰ። በ2008 የተከፈተው አዲሱ ስታዲየም ሦስት ሐውልቶች አሉት፦ ጆንሰን፣ የሁለተኛው ሴናተርስ ኮከብ ፍራንክ ሃዋርድ፣ እና ጊብሰን። እኔም አልበሜን በዚያው ረድፍ አድርጌዋለሁ።

አሁን የምፈልገው የግሬይስ የመግቢያ ቲኬት ነው። ከወገኖቼ ብዙዎች በሌድሮይት ፓርክ፣ በፔትዎርዝና በብሩክላንድ አሮጌ ቤት ገዝተዋል፤ ሌሎች ዕቃ በማጓጓዝና ቤት በማደስ ይተዳደራሉ። ከጣሪያ ሥር ወይም ከምድር ቤት የሚወጣ የወረቀት ካርቶን ወደ ቆሻሻ ከመሄዱ በፊት ተከፍቶ ይታይ። ሰማያዊ ወይም ቢጫ ቁራጭ ቲኬት፣ የጨዋታ ፕሮግራም፣ የተቀደደ ጋዜጣም ቢሆን ይጠቅመኛል።