በከተማችን ስም ውስጥ ያለው ሐ

የከተማችንን ስም በደብተር ስንጽፍ አንዳንዶቻችን «መተማ ዮሃንስ»፥ አንዳንዶቻችን «መተማ ዮሐንስ» ብለን እንጽፋለን። በአማርኛ ሲነበብ ድምፁ አንድ ስለ ሆነ፥ ስሕተቱን ዓይን እንጂ ጆሮ አያገኘውም።

ትክክለኛው ሐመሩ ሐ ነው። ስሙ ከዕብራይስጥ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «እግዚአብሔር ጸጋ ሰጠ» ማለት ነው፤ በዕብራይስጡም የሚጻፈው በሔት ነው። ይህ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ በአማርኛ ቢጠፋም በትግርኛ ይገኛል፤ ከድንበሩ ማዶ በገላባት የሚነገረው ዐረብኛም እስከ ዛሬ ይዞታል።

ፊደሉ በጥንቱ የሳባ ጽሕፈት እንደ መንሽ ሦስት ጣት ነበረው፤ እጀታውም ወደ ታች ነበር። የግእዙ ሐ ግን በሦስት እግሩ ቆመ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት፥ በንጉሥ ዔዛና ዘመን፥ የአናባቢ ምልክት ተጨመረለት። ስለዚህ ካዕቡ ሑ በጎኑ ቅጥል አወጣ፤ ራብዑ ሓ ቀኝ እግሩን አስረዘመ።

ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ይቀነሱ የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ለሕፃናት ማንበብ ይቀልላቸዋልና ምክንያታቸውን አንንቅም። ነገር ግን በግእዝ መሀረ «አስተማረ»፥ መሐረ «ይቅር አለ» ማለት ነው። ትምህርትና ምሕረት ከእነዚህ ስለ ወጡ፥ ሐ ቢቀር ሥራቸው ይደበላለቃል።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚሁ በመተማ ጦርነት ቆስለው ሞቱ። እኛም ስማቸውን በተሸከመች ከተማ የምንማር ነንና፥ ስሙን አጥርተን እንጻፍ።