ጫካው ደጅ ላይ፣ ሳይንሱ በቴሌቪዥን

በ1963 ዓ.ም. አካባቢ የኢትዮጵያን ቡና ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው በሽታ ገባበት። ባለሙያዎች ሲቢዲ ይሉታል፤ የቡና ፍሬ በሽታ። ሻጋታ ነው። ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ ይይዛል፣ ጥቁር ነጥብ ያወጣበታል፣ ነጥቡ ይሰፋል፣ በመጨረሻ ፍሬው ጠቁሮ ወይ ይረግፋል ወይ ቅርንጫፉ ላይ ደርቆ ይቀራል። ኬንያ በሽታውን በፈረንጆች 1922 ጀምራ ታውቀው ነበር፤ ትልልቆቹ እርሻዎቿም ኬሚካል እየረጩ ይከላከሉት ነበር። ለከፋና ለኢሉባቦር ገበሬ ግን መርጫውስ፣ መድኃኒቱስ ከየት ይመጣል?

የጅማ ምርምር ጣቢያ ሰዎች መፍትሔውን የፈለጉት እዚያው ቡናው ውስጥ ነው። በሽታው ክፉኛ ወደመታቸው ቦታዎች ሄዱ። በታመሙት ዛፎች መሃል ፍሬው ያልጠቆረ ዛፍ ሲያገኙ ምልክት አደረጉበት፣ ዘሩን ወሰዱ፣ ችግኞቹን ሆን ብለው በበሽታው በከሉ፣ የተቋቋመውን አስቀርተው የወደቀውን ጣሉ። ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ አውሮፓ በሚሸጥ የቡና ከረጢት ላይ የሚነበቡት 74110 እና 74112 የሚሉ ቁጥሮች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው፤ እናት ዛፎቻቸው የተገኙት መቱ አካባቢ ነው። 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ በፈረንጆች 1974፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1966። (ቡናው የአገር ቤት፣ ዓመቱ የፈረንጅ።) ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ዝርያዎቹ ገበሬው እጅ ገቡ።

ይህ ሊሆን የቻለው የደቡብ ምዕራቡ ቡና አንዱ ከሌላው ስለሚለያይ ነው። ላቲን አሜሪካ የተስፋፋው ቡና በአብዛኛው የተራባው በ1700ዎቹ መጀመሪያ አምስተርዳም የአትክልት ቦታ ውስጥ ከነበሩ ጥቂት ተክሎች ነው። በዘር ተመሳሳይ የሆነ ማሳ አንዱ ከታመመ ሁሉም ይታመማል። ከፋ ጫካ ውስጥ ግን አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቆማል። የዘር ውርስ፣ ልዩነት፣ ተፈጥሯዊ ምርጫ፤ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መጽሐፍ በብዙ ገጽ የሚያብራራው ነገር ሁሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። የጨና ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በዋጫ የሚማር ልጅ ማስረጃውን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በመንገዱ ዳር እያየው ያልፋል።

ያ ልጅ ሳይንስን በማን ቋንቋና በምን መሣሪያ ተማረ የሚለውን ለማየት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በንጉሡ ዘመን አንደኛ ደረጃው በአማርኛ፣ ከ7ኛ ክፍል በኋላ ያለው በእንግሊዝኛ ነበር። የቡና ቤተሰብ ልጅ ለሁለቱም እንግዳ ነው። ደርግ በ1971 የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ከፋ-ሞቻ ከእነሱ አንዱ ሆነ። በዚያው ዘመን በየአውራጃው ፔዳጎጂካል ማዕከላት ተቋቋሙ፤ መምህራን ከእንጨት፣ ከሸክላና ከካርቶን የማስተማሪያ መሣሪያ የሚሠሩባቸው ቦታዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከመጡት ሐሳቦች ሁሉ ይሄኛው ለገጠር ልጅ የቀረበ ነበር፤ የሚገባውን ክብር ግን አላገኘም። ብዙ ሰው ፔዳጎጂካል ማዕከል ሲባል ትዝ የሚለው አቧራ የጠጣ የካርቶን ልብና ሳንባ ነው።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አፍ መፍቻ ቋንቋን የመጀመሪያ ደረጃ መማሪያ አደረገ፤ ካፊ ኖኖም ክፍል ገባ። በደቡብ ክልል ግን ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ መማሪያው ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። አራት ዓመት ሥርና ግንድን በእናቱ ቋንቋ የተማረ ልጅ፣ ክረምቱን አሳልፎ ሲመለስ ያው ሥር ሌላ ስም ይዞ ጠበቀው። ከዚያ በ1997 ፕላዝማ መጣ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ለ9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ላሉት ይተላለፍ ጀመር፤ መምህሩ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቀረለት። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ሙከራን በዓይን ማሳየቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የስክሪኑ መምህር ቆም ብሎ «ገባችሁ?» አይልም፤ ልጁ ሲጠይቅም አይሰማም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ 70 በ30 የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ምደባ ተከተለ፤ 70 ከመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ። ልጁ ሳይንስን ይወደው አይወደው የጠየቀ የለም፤ ኮታው ወደደለት። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ ሆኑ። ይህን ሁሉ በፕላዝማ ወይም በቋንቋ ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው፤ ጦርነት፣ ኮቪድና የተለወጠው የፈተና አሰጣጥም አለበት። ሆኖም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቋንቋው፣ መሣሪያውና ኮታው ሲቀያየሩ አንድ ነገር አልተነካም፦ ሳይንስ ከሌላ ቦታ ተሠርቶ የሚመጣ ነገር ሆኖ ቀረ።

ዩኔስኮ የከፋን ጫካ በ2002 የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ አድርጎ መዘገበ፤ ቦንጋ ላይ የቡና ሙዚየም ቆሟል። የውጭ ተመራማሪ ቅጠልና ዘር ይዞ ይሄዳል። የጨና ልጅ ያን ተመራማሪ ለማየት እንጂ እሱን ለመሆን የሚያበቃው ትምህርት ገና አልደረሰውም።

እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ችግር አለ። በሽታው ፍሬውን አብዝቶ የሚመታው በክረምት ነው፤ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ለቀማ ይደርሳል፣ ብዙ ልጆችም ከክፍል ቀርተው ቡና ውስጥ ይውላሉ። መምህራን በዚህ ያማርራሉ፣ እውነትም አላቸው። ነገር ግን የጠቆረው ፍሬ በለቀማ ወራትም ቅርንጫፉ ላይ ደርቆ ይገኛል። የ7ኛ ክፍል መምህር ልጆቹ ወደ ለቀማ ሳይሄዱ አንድ ሥራ ቢሰጣቸው ይበቃል፦ ከአባታችሁ ማሳ አሥር ዛፍ ምረጡ፣ በእያንዳንዱ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ጤነኛውንና የጠቆረውን ፍሬ ለይታችሁ ቁጠሩ፣ ያልጠቆረ ካገኛችሁ ጎረቤቱ ምን ይመስላል? ጅማዎች በ1966 የመጀመሪያውን እርምጃ የጀመሩት በዚህ ዓይነት ማየት ነው። ልጁ ደግሞ ቁጥሩን ይዞ ሲመለስ መልሱን የሚፈልገው ለፈተና ብቻ አይደለም፤ የዚያ ዓመት የቤቱ ገቢ አለበት።