ከዲግሪ በኋላ ነርስነት፦ የትኛው ዓመት ይቀነስላችኋል?

እስቲ አስቡት። በኬሚስትሪ ወይም በምህንድስና ዲግሪ ይዛችኋል፤ ሥራም ጀምራችኋል። ከዚያ ነርስ ፕራክቲሽነር፣ ማለትም በሽታ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ ነርስ፣ መሆን ፈለጋችሁ። ከዜሮ ልትጀምሩ ነው ወይስ የተማራችሁት ይቆጠርላችኋል? አሜሪካ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል።

እ.ኤ.አ. በ1918 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ነርስ ጠፋ። ያኔ ነርስ ለመሆን በአብዛኛው ሦስት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ መሠልጠን ያስፈልግ ነበር። ኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው ቫሳር ኮሌጅ ታዲያ ዲግሪ ያላቸውን ከ400 በላይ ሴቶች ተቀብሎ፣ ለ12 ሳምንታት አናቶሚ፣ ኬሚስትሪና ባክቴሪዮሎጂ አስተማራቸው። ከዚያ የሚቀራቸው የሆስፒታል ሥልጠና ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ሆነ። ልብ በሉ! ያጠረው በዋናነት የንድፈ ሐሳቡ ትምህርት ነው። በሽተኛ አጠገብ ቆሞ መሥራትን ግን የትኛውም ዲግሪ አልተካውም።

ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባለው ሙያ የመጣው ቆይቶ ነው። በ1965 ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ሥልጠና ጀመሩ። ሠልጣኞቹ ግን ቀድሞውንም ነርሶች ነበሩ። ከሌላ ሙያ የሚመጣው ሰውስ? በ1971 ሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተፋጠነ የነርሲንግ ባችለር ጀመረ። በ1974 ደግሞ ዬል ዩኒቨርሲቲ ነርስ ያልሆኑ ምሩቃንን በሦስት ዓመት እስከ ማስተርስ የሚያደርስ ፕሮግራም ከፈተ።

ዛሬም ዋናው ምርጫ በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል ነው። በመጀመሪያው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ተምራችሁ የነርስነት ፈቃድ ፈተና ትወስዳላችሁ። ከዚያ ደመወዝ እያገኛችሁ ልምድ ትይዛላችሁ፤ ማስተርሱ በኋላ ይመጣል። ሁለተኛው በአንድ ጉዞ ያደርሳል፤ ነገር ግን ክፍያው ይከብዳል፣ ለረጅም ጊዜም ያለ ሙሉ ደመወዝ ትቆያላችሁ፣ ዋርድ ውስጥ ብዙ ሳትሠሩም ወደ ስፔሻሊቲ ትገባላችሁ። የፈቃድ ፈተናው እዚህም አይቀርም።

የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ጉዳዩን እንደ ሲስተም ነው የማየው። የሁለቱ ልዩነት የሥራ ልምዱ የቱ ጋ ይገባል የሚለው ነው፤ ከማስተርሱ በፊት ወይስ በኋላ? ያልተለማመደ እጅ አደጋው ለበሽተኛው ስለሆነ፣ ይህ የጊዜና የገንዘብ ሒሳብ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን እነዚህን ጠይቁ። ዕውቅና አለው? ስንት ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ ይሰጣል? የልምምድ ቦታውን የሚፈልገው ማነው፣ ትምህርት ቤቱ ወይስ እናንተ? መሃል ላይ ባቋርጥ የነርስነት ፈቃድ በእጄ ይኖራል? የመጨረሻውን ጥያቄ በደንብ ሳይመልስላችሁ አትፈርሙ።