ማጉበጥና ማጠፍ፤ የአንድ ሙያ ቃላት ታሪክ ከንፋስ ስልክ

«ንፋስ ስልክ» የሚለው የሰፈር ስም ራሱ የቃል አወጣጥ ታሪክ አለው። «ስልክ» በመሠረቱ የዐረብኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ማለት ነው። በ1920ዎቹ ዓ.ም. በዚያ ስፍራ የሬዲዮ ጣቢያ በተተከለ ጊዜ፥ ሕዝቡ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈውን መሣሪያ የነፋስ ስልክ ብሎ ጠራው፤ ይኸውም በጥሬው «የነፋስ ሽቦ» እንደ ማለት ነው። ስሙን ያወጣ ጉባኤ አልነበረም። ቢሆንም ቃሉ ጸንቶ የሰፈሩ፥ ኋላም የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆነ።

በዚሁ ክፍለ ከተማ በጎፋና በመካኒሳ አካባቢ በሚገኙ የብረታ ብረት ቤቶች የሚሰማው ቋንቋ ሌላ የታሪክ ምዕራፍ ያሳየናል። ቱቦ፥ ላሜራ፥ ፌሮ፥ ሞርሳ፥ ፒንሳ፥ ካቻቢቴና ብሎን ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ የዚህ ዓይነቶቹ ቃላት በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) እና ከዚያም በኋላ በከተማው በቀሩት ጣሊያናውያን መካኒኮች ዘንድ ሥር ሰደዱ። አሉሚኒየምም ቢሆን ሆልና ኤሩ እ.ኤ.አ. በ1886 በየፊናቸው በኤሌክትሪክ የማውጣቱን ዘዴ ካገኙ ወዲህ የተስፋፋ ስለ ሆነ ጥንታዊ የአገር ስም የለውም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የዕቃዎቹ ስሞች የውጭ ሲሆኑ ግሦቹ የአገር ውስጥ መሆናቸው ነው። ባለሙያው በሞርሳ ያስራል፤ ይሞርዳል፤ ያጎብጣል።

ይህ ጸሐፊ ግሦቹን ባለማክበሩ አንድ ጊዜ አፍሯል። ለሙያ ሠልጣኞች የተዘጋጀ ጽሑፍ ሲያርም፥ «ቱቦውን አጉብጥ» የሚለውን «ቱቦውን እጠፍ» ብሎ አስተካከለ። ሥራው የአሉሚኒየም ክራንች ነበር። ሠልጣኙ እንደ ተጻፈለት አደረገ፤ ቱቦውም መታጠፊያው ላይ ተጨፍልቆ ተበላሸ። አንድ አረጋዊ ባለሙያ የተበላሸውን አሳይተው፥ «ዶክተር፥ ላሜራ ይታጠፋል፤ ፌሮም ይታጠፋል። ቱቦ ግን ሆዱ ባዶ ነው፤ ይጎብጣል እንጂ አይታጠፍም» አሉ።

የንግግራቸው እውነት በሥራው ይታያል። ቱቦ ሲጎብጥ የውጭው ግድግዳ ይሳባል፤ የውስጡ ደግሞ ይጨመቃል። የውጭው ከአቅሙ በላይ ከተሳበ ይሰነጠቃል፤ የውስጡ ጭመቃውን ካልቻለ ይታጠፋል። ስለዚህ ባለሙያው ደረቅ አሸዋ ሞልቶ፥ ጫፎቹን በእንጨት ውታፍ ደፍኖ፥ በክብ ቅርጽ ዙሪያ ቀስ እያለ ያጎብጠዋል። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ሲሞቅ እንፋሎቱ ውታፉን ያስፈነጥራል። አሉሚኒየም እንደ ብረት ሳይቀላ በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣልና ዐይን አያስጠነቅቅም፤ በዚህ ምክንያት ላዩ ላይ ሳሙና ይቀባል፤ ሳሙናው ሲጠቁር ማሞቁ ይቆማል። ይህ ማለዘብ ይባላል። ማለዘብ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ በሙቀት የጠነከረ ቅይጥ ከለዘበ በኋላ የቀድሞ ጥንካሬው ይቀንሳል። በመጨረሻም ቱቦው ሲለቁት ጥቂት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከሚፈለገው መጠን በትንሹ አሳልፈው ያጎብጡታል።

ወደ ቃላቱ እንመለስ። «አጠፈ» ከግእዙ «ዐጸፈ» የመጣ ሲሆን መደረብን፥ ዕጥፍ ማድረግን ያመለክታል፤ ነጠላ ይታጠፋል፤ ቃልም ይታጠፋል። «ጎበጠ» ግን ሳይደረብ ክብ መያዝን ይናገራል። ለዚህ ቅርብ የሆነው «ቀለሰ» ነው፤ «ጎጆ ቀለሰ» የምንለውም እንጨቱን ወደ ውስጥ ከመመለስ የተነሣ ነው። እንግዲህ የጥንት ጎጆ ሠሪና የዛሬ ቱቦ አጉባጭ የሚጋሩት ዕውቀት አለ ማለት ነው።

ስንጥቅን በሚመለከት ሸክላ ሠሪዎች ገና ያልተከፈለውን ቀጭን ስንጥቅ «ነቃ» ይሉታል። ግእዝ ሁለት ቃላት ነበሩት፤ «ነቅዐ» ተሰነጠቀ ሲሆን፥ «ነቅሀ» ከእንቅልፍ ተነሣ ነው። በአማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹ ስለ ጠፉ ሁለቱም «ነቃ» ሆኑ። ስለዚህ «የቱቦው ንቃት» ብንል አንባቢ ፈገግ ይላል እንጂ አይረዳም፤ «ንቃቃት» ግን ከሌላ ትርጉም ጋር አይምታታም።

በዚህ መሠረት የሚከተለውን ለውይይት እናቀርባለን። የቱቦን ክብ አያያዝ «ማጉበጥ»፥ የግድግዳውን መጨፍለቅ «ዕጥፋት»፥ ገና ያልተከፈለውን ስንጥቅ «ንቃቃት»፥ በሙቀት ማለስለስን «ማለዘብ» ማለት ይገባል። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ዕጥፋት በዐይን ይታያልና ቱቦው ይጣላል፤ ንቃቃት ግን ተሰውሮ ይቆይና ክራንቹን የተደገፈውን ሰው መንገድ ላይ ይጥላል። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ መመሪያ መርማሪው የትኛውን እንዲፈልግ አይነግረውም። መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም የሙያ ቃል ከመተርጎማቸው በፊት ሞርሳው አጠገብ ቆመው ባለሙያውን ቢጠይቁ፥ የዚህን ጸሐፊ ዓይነት ስሕተት ከመድገም ይድናሉ።